መሬት መሬት ይላል

ከቆላ ድባ ማዶ፣ ውሃው ከሸሸበት፣
ማገጡ ሐምራዊ ሆኖ ከፈካበት፣
አዛናው ተኝቷል፣ በሆዱ ተዘርግቶ፣
ጆሮውን ለመሬት እንደ ብድር ሰጥቶ።

«ምነው አያ አዛናው፣ ጠላ አለ እንዴ?»
ይላሉ አላፊዎች። እሱ ግን አለው ዘዴ፤
ጣዝማ ስሟ ነው የገነነ፣ አካሏስ ትንኝ ያክላል፤
መግቢያዋን ለማግኘት ዐይን ብቻ መች ይበቃል።

ድንገት ካፍንጫው ሥር፣ ጥቁር ነገር መጣ፣
የላም እበት ጠቅልሎ፣ ከሣሩ ውስጥ ወጣ፤
ጥንዚዛ ነው፣ ግንባሩን ከምድር ላይ ተክሎ፣
በኋላ እግሩ የሚገፋ፣ ሲሳዩን አንከባልሎ።
ቁልቁለት ያመልጠዋል፣ ዳገት ይመልሰዋል፣
ሰርዶ ይጠልፈዋል፤ ተነሥቶ ይገፋዋል።

«ወይ ዕድል!» አለ አዛናው፣ በክንዱ ተደግፎ፣
«እሷ ብናኝ ጭና፣ ወርቅ ከእግሯ ተርፎ፣
አንተ ከላም ኋላ፣ ደጅ ስትጠና ውለህ፣
ትኩስ ሲወርድልህ፣ እንደ ሹመት ታቅፈህ…»

ጥንዚዛው አልሰማም። ሥራ አለበት።

ጣዝማዋም ዞር ዞር ብላ፣ ከአንድ ስንጥቅ ገባች፤
እንደ ፊደል ነጥብ፣ ታየችና ጠፋች።
አዛናው ዶማውን አንሥቶ፣ ክንድ ያህል ማሰና፣
እጁን ሰደደበት፣ «ጋኗን አገኘሁ» አለና።
ማር አልነበረም። ድቡልቡል፣ የደረቀ እበት፤
ስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ ሁለት ቤት ነበረበት።
ፈረከሰው፤ ከመካከሉ ነጭ ትል ተጠቅልሎ፣
የተወለደበትን ቤት ይበላል፣ ቀለቤ ብሎ።

ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ከዚያው አፈር ሥር፣
የጣዝማ ልጆች ተኝተዋል፣ ከየማሰሮው ማር።
ያም ለልጁ ቀብሮ፣ ያችም ለልጇ ሰፍራ፣
የማገጡ ሥር ወርዷል፣ ከእበቱ ጋር ሊያወራ።

አዛናው ዝም አለ፤ ዶማውን ከመሬት ጥሎ፣
«የማሩን አያት አየሁ» አለ፣ አፉን በእጁ ከልሎ።
ትሉን ከእበቱ መልሶ፣ አፈር በእግሩ አለበሰው፤
ማሩን ግን፣ ደሀ ነውና፣ ከግማሽ በላይ ቀነሰው።
መውጊያ የላትም ጣዝማ፤ እየዞረች ብቻ አየችው።

ቅዳሜ ጎንደር ገበያ፣ ጠርሙሱን ይዞ ቆመ፤
ለባሏ ሳል የፈለገች፣ ፊቷም የደከመ፣
አንዲት ሴት ቡሽ ነቅላ፣ አሸተተች፣ ቀመሰች፤
«መሬት መሬት ይላል፤ ጥሩ ነው ግን?» አለች።

ሊነግራት አፉን ከፍቶ፣ ዋጋው ታወሰውና፣
«የጣዝማ ወጉ ነው» አላት፤ ከጥፍሩ ሥር ግን ገና
እበቱ አልለቀቀም ነበር።