ሎሚ በቀሃ ላይ

መብራት ጠፍቶ ነበር። በሻማ ነው ያረምሁ፤
ሰባ ሦስት ወረቀት፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፤
የማራኪው ብርድ በመስኮት ገብቶ
ትከሻዬን ሲነካኝ ጋቢዬን ደረብሁ።

አንደኛውን አረምሁ፤ ጥሩ ልጅ ነው አልሁኝ፤
ሁለተኛው መጣ፤ ቃል በቃል ያው ሆነብኝ፤
"ኩረጃ ነው" ብዬ የስም ዝርዝር አወጣሁ፣
"ማን ነበር ከማን ጎን?" እያልሁኝ አጣራሁ፤
ሃያኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ጣልሁ።

ሁሉም ጽፈውታል፤ የአንድ ወንዝ ፍጥነት
"በሴኮንድ ሃያ ሜትር"፣ ያለ ሥርዝ ድልዝ፤
እንኳንስ ቀሃችን፣ ዓባይም በክረምት
እንዲህ አይከንፍም፤ የት ይገኛል ይህ ወንዝ?

ባጃጅ የሚቀድም ውሃ ማን አይቶ ያውቃል?
ላፕቶፔን ከፈትሁት፤ ባትሪው ሊያልቅ ደርሷል፤
ስላይድ አርባ ሁለት፤ ሌባው ሌባ ጣቴ ነው፤
ሁለት ነጥብ ዜሮ ሊሆን የሚገባው፣
ነጥቧ የለችም።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ሳነበንበው
የት ወደቀች ያለኝ፣ የጠየቀኝ? ማንም።

እርስ በርስ አይደለም፣ ከኔ ነው የቀዱት፤
እኔም ካስተማሩኝ፣ እነሱም ከሌላ፤
ስንቀዳ፣ ስንቀዳ፣ ዘመኑን በመላ፣
ወንዙ እዚያው ይፈሳል፤ በጣትም ሳይነኩት።

በማግሥቱ ጧት፣ በሁለት ሰዓት ክፍል፣
"ስላይዱ ተሳስቷል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"
ዝም አሉ። ብቻ አንዱ "ፈተናውስ?" ሲል
"ማርኩ ይያዛል ወይ?" የሚል ጎርፍ ገጠመኝ።

ከኋላ፣ ከመስኮቱ፣ ባንቺአምላክ ተነሣች፤
ሦስት ወር ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤
"መምህር፣ እኔ… አውቄው ነበር" አለች።
"ታዲያ?" አልኋት። "እርስዎ ጠይቀው አያውቁም።

ሸበጤን ወሰደው ቀሃ ልብስ ሳጥብ፤
በእርምጃ ያዝሁት፤ መሮጥም አላሻኝ፤
ከዚያ ወዲህ ያቺ የጠፋችው ነጥብ
ደብተሬን በገለጥሁ ቁጥር እያየችኝ…"

"ፈተናው ላይ ግን ሃያ ነው የጻፍሽው?"
"አራሚው ማን ነበር?"
ዝም አልሁ።

ሐሙስ ክፍሉን ዘጋሁ፤ ወረድን ወደ ቀሃ፤
ሜትርና ሰዓት፣ ከአራዳ ሎሚ አንድ ኪሎ፤
"ሎሚው ለምንድን ነው?" "ይንሳፈፋል በውሃ።"
ፈንታሁን ሳቀና "ጥር ደረሰ እንዴ!" ብሎ
አንዷን ወረወረ።

አሥር ሜትር ለካን ከድልድዩ በታች፤
ሎሚዋ ከላስቲክ፣ ከሃይላንድ ተጋፍታ
ከድንጋይ ሥር ገብታ ዞራ ዞራ ቀረች፤
"ይህ አይቆጠርም!" "ይቆጠራል!" ጫጫታ።

"መሐሉ ሲፈጥን ዳሩ ለምን ይዘገያል?"
ስትል አንዷ፣ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤
ዋጥሁት። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ማን ይመልሳል?
ዋጥሁት እንደገና፤ እንደ ኮሶ ቢመር።

"ዳሩን ይይዘዋል ሣሩና ድንጋዩ"
አለ አንድ ዝምተኛ፣ እግሩን ነክሮ ቆሞ፤
"መሐሉ ነጻ ነው።" ሌሎቹም ሊያዩ
ገቡ ተሻምተው፣ አንዱ አንዱን ቀድሞ።

ስንት ሆነ? ሃያም፣ ሁለትም አልሆነ፤
ዜሮ ነጥብ ስድስት፤ የአንዱ ቡድን ሰባት፤
"የትኛውን ልያዝ?" ፈንታሁን ለመነ፤
"ለፈተና ነው እኮ" አለኝ በስጋት።

ማታ መብራት መጣ። ስላይዱን ከፈትሁት፤
ነጥቧን ልመልሳት ጣቴን አስጠጋሁ፤
ተውሁት። ቁጥሩን በሙሉ አጠፋሁት፤
በባዶው ቦታ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ።

በቴሌግራም ደግሞ መልእክት ይጎርፋል፤
"መምህር፣ መልሱን ይላኩልን" አርባ ሰው፤
የባንቺአምላክ ብቻ "በነሐሴስ ስንት ይሆናል?
ሲሞላስ?" ይላል፤ እሱን ነው የማነበው።

"አላውቅም" ብዬ ጻፍሁ።
ሌባ ጣቴ ሎሚ ይሸታል።