ሦስት ሰከንድ

ከአሞራ ገደል በር፣ ከዓሣው ገበያ ጥግ፣
አንዲት ቆርቆሮ አለች፣ ከፀሐይ የማታሸሽግ፤
«ኬሪያ ሞባይል ጥገና» ብዬ በእጄ የጻፍኩባት፣
የመጨረሻ ፊደሏን ዝናብ የበላባት።
እዚህ ስልክ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
ከቻርጀሩ ቀዳዳ ቅርፊት በመርፌ ይወጣል።
(ሰው አያምነኝም እንጂ፣ በብልቃጥ አስቀምጫለሁ።)

መረብ የሚጠግኑ፣ ላንቃሞ የሚባሉ፣
ፌስታል ከፌስታል ፈተው «አንቺ ልጅ፣ እዪው» አሉ፤
«ስከፍተው ይዘጋል፤ ስከፍተው ይዘጋል፤
የኢንተርኔቱ በር ፊቴ ላይ ይላተማል፤
ሌላው አካሉ ደህና፦ ይጠራል፣ ያናግራል፣
የእጅ ባትሪው እንኳ ጀልባ ያሳልፋል።»

ነካሁት። ነጭ ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት —
ጠፋ።
ደግሜ ነካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት —
ጠፋ፤
እንደሚያንጎላጅ ተማሪ፣ ቀና ብሎ የሚደፋ።

ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ትንፋሽ ነው ያጠረው፤
ጓዳው ጢም ብሎ ሞልቶ መላወሻ ነው የቸገረው።
በዚያች በሦስት ሰከንድ ጥጉ ላይ እንዳየሁት፣
የተከፈቱት ገጾች መቶን አልፈውበት፣
ስልኩ መቁጠር ትቶ
በጎኑ የተጋደመ ፈገግታ ሥሎበት።

«ገጽ ይዘጋሉ ወይ፣ አይተው ሲጨርሱ?»
«ካየሁት በኋላማ ይሄዳል በራሱ!
ጨዋ እንግዳ፣ ሂድ እስኪሉት ይቆማል እንዴ?»

አልሄዱም። የሁለት ዓመት ጥያቄ በሙሉ
እንደ ወረፋ ሰው ተጠጋግተው አሉ፦
የናይለን ክር ዋጋ፣ የጉልበት ቅባት፣
ቆሮሶ ዝዋይ ላይ የሚሸጥበት፣
ደግሞም አንድ ሌሊት፣ ማን ያውቃል ለምን፣
«ጉማሬ ሲያረጅ ጥርሱ ምን ይሆን?»

«መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሁሉን እጠርጋለሁ፤
ባዶ አድርጌ፣ አድሼ፣ አሁን እሰጣለሁ።»
ጣቴ «አጽዳ» የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ
እጄን ያዙኝ። ክር የሰነጠቀው መዳፍ።

«አንዷ ትቅር።»
«የትኛዋ?»
«የአየር ሁኔታዋ።»

ሳቅሁ። «እሷማ በየሰዓቱ ትታደሳለች፤
ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ትገኛለች።»
«እንዳትታደስ ብዬ አይደል ዳታ የማልሞላው?
ያቺኛዋ የሚያዝያ ዘጠኝ ናት።
‹ነፋስ፦ ቀላል› ትላለች።
ዱካሞን፣ ታናሼን፣ ጎህ ሳይቀድ አሳየሁት፤
‹ሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ፤ ‹ሐይቁ ተኝቷል› ያልኩት።
ጀልባዋ በማግስቱ በጥቁር ውኃ በኩል ተገኘች።
እሱ በሦስተኛው ቀን።
ሰው ሲጠይቀኝ — ማንም አልጠየቀኝም —
ከራሴ አላወጣሁትም እንድል ነው።»

የአውሮፕላኗን ምልክት ነካሁ፤ መረቡ ተቆረጠ፤
አንድ እጄ ገጹን ሊከፍት፣ አንዱ ቁልፎቹን ጨበጠ።
ሦስት ሰከንድ።
መጀመሪያ ፎቶ ያነሣሁት ነጩን ነበር።
ቀጥሎ ጉማሬውን።
ቀጥሎ የራሴን ጣት ጥላ።
አራት የሠርግ ቪዲዮ፣ አንድ የመኪና ጨዋታ
አስፈቅጄ አጠፋሁ፤ ስልኩ ትንሽ ተነፈሰ፤
አራት ሰከንድ ሆነ፤ ለኔ ደረሰ።

ቀጭ።
ሀዋሳ። ሚያዝያ ዘጠኝ። ከፊል ደመና።
ነፋስ፦ ቀላል።
ከላይ በኩል የዛሬው ሰዓት፣ የዛሬው ባትሪ፣
አሥራ አንድ በመቶ።

ከዚያ ጠረግሁት፤ ክሩንም፣ ቅባቱንም፤
ከራሴ ስልክ ዳታ ሰጥቼ አዲሱን ጫንኩለት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
ስምንት፣ አሥር፤
አልጠፋም። ባዶ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ጠበቀ፣
ገና ውኃ እንዳልነካ መረብ።

ሃምሳ ብር አልኩ። ሃምሳውን ቆጠሩ፤
ዓይኑ ያልደበዘዘ አንድ ቆሮሶ ጨመሩ፣
ከተሰበሩት ስክሪኖች መሃል አጋደሙልኝ።
ስልኩን በፌስታል፣ ፌስታሉን በፌስታል ጠቀለሉ፤
ከቆርቆሮዬ ጥላ ወጥተው ጥቂት ቆም አሉ፤
ጣታቸውን በምራቅ አራሱ፣
ወደ ሐይቁ አነሡ።

«ከደቡብ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው።