የናዳ አበባ

ከኤንጋዲን ሸለቆ በላይ፣ ጥዱ እየመነመነ ከሚያልቅበት፣
ሣሩም ሽቅብ አይቶ "በቃኝ" ብሎ ከሚቀርበት፣
ግራጫው የኖራ ድንጋይ ከገደሉ እየተናደ
ሲንኳኳ፣ ሲንሿሿ ያድራል፤ ቆመ ሲሉት እየሄደ።

"ተጠንቀቅ" አለችኝ ሜንጂያ፤ "እዚህ መሬት የሚባል የለም፤
የረገጥከው ሁሉ መንገደኛ ነው፤ ቤቱ እዚህ አይደለም።"
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ በፋሻ ታስሮ፣
እኔ ገና የሃያ ስድስት፤ ሻንጣዬ በመሣሪያ ተወጥሮ፤
ሆኖም ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤
ድንጋዩን በጫማዋ ጫፍ ጠይቃ፣ ሲመልስላት ትረግጣለች።

የምንፈልገው አበባ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤
የጎመን የሥጋ ዘመድ ነው፤ ግን ከጓሮ አይገኝም።
ሰናፍጭ አጎቱ ነው፤ እሱ ግን ጎጆ የወጣው ናዳ ላይ፣
አራት ቅጠሉን እንደ አንገት መስቀል ዘርግቶ ለሰማይ፤
ሐምራዊ፣ ውኃ ያደከመው ጥለት መስሎ።
ሽታው ማር ነው፤ ግን ለቆመ ሰው አይሰጥም፣
ያልተንበረከከ አይቀምሰውም።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከባሏ ከሪየት ጋራ
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገመድ ዘርግተው በዚህ ተራራ፣
በአራቱ ማዕዘን አራት ድንጋይ ቀይ ቀቡ፤
በየሐምሌው እየመጡ አበባውን ቆጥረው መዘገቡ።
አሥራ ሰባት። አሥራ ዘጠኝ። አንድ ክፉ ዓመት፣ ስድስት።
ሪየት የሞተ በጋ፣ አሥራ አምስት።
ያኔ ብቻዋን ቆጠረች፤
ሁለቴ፤ አንዱን ለእሱ ብላ።

መሣሪያዬ "እዚህ ነው" አለ፤ ዓይኔ ግን ጠጠር ብቻ አየ።
"ጠፍቷል ልበል?" አልኳት፤ እስክሪብቶዬ ዜሮው ላይ ቆየ።

መልስ አልሰጠችኝም። ቁልቁል ወረደች፣ ዘጠኝ እርምጃ፣ ምናልባት አሥር፤
ቀለሙ የተላጠ ቀይ ድንጋይ፣ አበባውም ከሥር።
በጣቷ ጠጠሩን ገለጥ፣ ገለጥ አደረገች፤
ክር የመሰለ ነጭ ሥር ሽቅብ፣ ሽቅብ ተከተለች፤
ሲቀበር አንገቱን አውጥቶ፣ ሲጎተት ተለጥጦ፣
ሲበጠስም እዚያው፣ የበጠሰውን ድንጋይ ጨብጦ።

የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታነሣለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤
እዚህ ተራራው ራሱ ተነሥቷል፣ እንደ እህል ሲንቆረቆር፤
ሰናፍጯም "ሂድ" አላለችው፣ "ቁም" ብላም አልለመነች፤
አብራው ወረደች እንጂ፤ ወርዳም አበበች።

አሥራ አንድ ቆጠረች። ጻፍኩ።
ከዚያ "ቦታ" የሚለው ዓምድ ላይ ደረስኩ፤
ማዕዘን የለ፣ ገመድ የለ፤ ምን ብዬ እንደምሞላው ጠየቅኩ።
ጉልበቷን እያሸች፣
"'በጉዞ ላይ' በለው" አለች።

ከላይ አንድ ድንጋይ ኮሽ አለ።
ሁለታችንም ቀና አልን፤
የት እንደሚቆም አዳመጥን።