ታኮ

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ የእህል መጋዘን የነበረው ቤት፣
ወለሉን አለስልሰው እንደ መስታወት፣ አዲስ ስም ሰጡት፤
«በረዶ ሜዳ» ይላል ታፔላው፤ ወፍም ተስሎበታል፣
የማይበር፣ ጥቁር ካፖርት የደረበ፣ ቆሞ ደሴን ይታዘባል።

በረዶስ የለም፣ እብነ በረድ ነው፤ በረዶ የማውቅ እኔ ነኝ፣
ጉጉፍቱ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አመዳይ መንገድ ዘግቶ የጠበቀኝ፣
ጎማው እንደ ሳሙና ሲያመልጥ፣ መሪው በእጄ ሲቀልድብኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ፤ ኤንትሬ ከነተሳቢው፣
ከአሰብ ጨው ጭኜ፣ ሐረጎን በማርሽ ሁለት የማውቀው።

ረውዳ፣ የልጄ ልጅ፣ ሐሙስ ለት ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤
«አባባ ውሰደኝ» ብላ ለመነችኝ፤ ቆሜ ላያት ወሰድኳት።
ቆሜ ላያት! የሰው ዕቅድ እኮ
ጫማ አከራዩ ጋ እስኪደርስ ነው።

«ቁጥር ስንት፣ ፋዘር?» አለኝ ልጁ፣ የተንጨባረረ ጸጉሩ፣
«ግማሽ ሰዓት መቶ ሃምሳ ብር፤ ካልሲ ከሌለዎት አሥር ይጨምሩ።»
«አርባ ሁለት» አልኩት፣ ሲጠይቁኝ መመለስ ስለለመድኩ፣
ለትራፊክ መንጃ ፈቃድ እንደማቀብል፣ እግሬን ሰደድኩ።

ስምንት ጎማ፤ አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። ኩሽኔታውን ደባብሼ፣
«ግሪስ ያንሰዋል» አልኩት። «ፍሬኑስ?» አልኩት ተመልሼ።
ሳቀ። «ከፊት ነው ፋዘር፤ ጣትዎን ወደ መሬት መጫን።»
ያ ረቢ! የትኛው መሐንዲስ ነው
በሰው አውራ ጣት ያስያዘው ነፍስን?

ገባሁ።
ልጆች እንደ ወንጭፍ ድንጋይ በጆሮዬ ሥር ያልፋሉ።
አንዲት ኮረዳ፣ ሒጃቧን አጥብቃ፣ ወደ ኋላዋ ትከንፋለች፣
መስታወት ሳይኖራት፣ ዞር ሳትል፣ ማንንም ሳትነካ ትዞራለች።
(እኔ ተሳቢ ይዤ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ለመግባት
ስንቴ ወረድኩ፣ ስንቴስ ረዳቴን ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት።)

ጥግ ጥጉን ብረት ይዤ ሄድኩ። ብረቱ አለቀ።
ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ውሃ እንዲወርድ ነው የተሠራ፤
ማንም አላየውም፤ ቁልቁለት ግን ዓይኔ ሳያየው እግሬ የሚፈራ፤
ማርሽ የለኝ፣ ሞተር የለኝ፣ ብጨብጥ አየር ነው የማገኘው፤
አፌ የድሮ ቃሉን፣ እኔን ሳያማክር፣ በሙሉ ድምፅ አወጣው፦
«ታኮ! ታኮ ጣል፣ ፈንታው!»

አዳራሹ ሳቀ። «የታኮ ጫማ አናከራይም፣ ፋዘር!» አለ አንዱ።
ማን ይነግረዋል? ሐረጎ ላይ፣ ጭጋጉ መንገዱን ውጦ፣
ፍሬን ሲግል፣ ሽታው ሲመጣ፣ ከሚሄድ መኪና ወርዶ ሮጦ፣
ግንዱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ጎማ ፊት የሚንበረከክ ልጅ።
ስንቴ አቆመን።
አንዴ አላቆመንም። እሱን አላወራም፤
እዚህ አይደለም።

ረውዳ ግን አልሳቀችም። ከወዲያ ጥግ ተወንጭፋ፣
ጫማዋን ከጫማዬ ፊት አገደመች፣ ጉልበቷን አጥፋ፤
ሠላሳ ኪሎ ለሰማንያ።
ቆምን።
ቀጥሎ ወደቅን፤
መጀመሪያ ግን ቆምን።

ወለሉ ላይ ተዘርግተን፣ ሰው እየዘለለን ሲያልፍ፣
«ፈንታው ማነው?» አለችኝ፣ አቧራዬን ስታራግፍ።
«አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶናል» አልኳት። «ተነሺ፣ ገንዘብ ነው።»
ተነሣን። አልዋሽም፣ አንድ ዙር ዞርኩ፤
ላቤ ጀርባዬን አራሰው።

ማታ ቤት ስንገባ፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የሚይዘውን፣
ዓመት ሙሉ የምትዘለውን፣ ጎኑን ጎማ የቀረጠፈውን
ያን ጥቁር ግንድ በእግሬ ወደ መብራቱ ገፋሁላት።
ስሙንም አልጠየቀች፣ እኔም አልነገርኳት፤
ቁጢጥ ብላ እግሯን
አጠገቡ አድርጋ ለካች።