የሁለት ክረምት ሒሳብ

ጉንቮር አሥራ አራት ሲሞላት፣ ሕጉ «በቃሽ» አላት፤
በሰሜን ኖርዌይ ደሴት፣ የዓሣ መጋዘኑ
የጎማ ቦቲ ሰጣት።
ሆድ ስትቀድ ዋለች፣ ጨው እየነሰነሰች፣
መደመር መቀነሱን በበርሜል እየቆጠረች።

የእኔ ተራ ሲደርስ፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣
በፖስታ ጀልባ መጣ አዲስ ሕግ ታትሞ፦
«ሁለት ክረምት ይጨመር፣ ሁሉም ልጅ ይማር» ሲል፣
አባቴ ጮኸ፦ «መረብ
በአልጀብራ ተጠግኖ ያውቃል?»

ጉብዝና አልነበረም፤ እሷ ትበልጠኝ ነበር፤
የተወለድኩበት ቀን ነው የከፈተልኝ በር።
እኔ ባንክ ገባሁ፣ ማኅተም ስመታ፤
እሷ እዚያው ጨው ላይ፣ ጠዋትና ማታ።

ዛሬ ሁለት አሮጊት፣ በእሷ ማዕድ ቤት፣
የጡረታ ደብዳቤ ከፈትን፣ በአንድ ሰዓት።
መነጽሯን አውርዳ የእኔን አየች፣ የእሷን፤
ያለ እርሳስ፣ በቃሏ፣ ቀነሰች ልዩነቱን፤
ለሁለት ከፈለችው፣ እንደ ድሮው በርሜል፦
«አንድ ክረምት መማር፣ በወር ይህን ያህል!»

ቁጥሩን አልናገርም።
አፌን ከፈት አደረግኩ፣ ይቅርታ ልላት፤
የመንግሥትን ዕዳ ግን በምኔ ልክፈላት?

እሷ ሳቀች። የእኔን ፖስታ አራት ቦታ አጥፋ፣
ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወትፋ፣
«አየሽ? እኩል ሆነ» ብላኝ
ሾርባ ልትጨልፍ ሄደች።