የክቬታ አንሶላ

ዘንድሮም ልሞት ነው፤ ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት፣
ከድልድዩ ማዶ፣ በቆሎ ከታጨደበት።
አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው እየወደቅሁ
የጭቃውን ጠባይ ከአልጋዬ አስበልጬ ዐወቅሁ፤
የት ውሃ ይቋጥራል፣ የት ስለታም ድንጋይ አለ፣
ጎኔ ካርታ ሠራ፣ እየተንከባለለ።

ሙያዬ ጥርስ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሰላም
ለሞራቪያ ድድ እሠራለሁ፣ ሰው አልጎዳም።
ታኅሣሥ ሲገባ ግን አንድ ነገሬ ይቀየራል፤
ሰማያዊው ኮቴ ከቁም ሳጥኑ ይወጣል፤
ሦስት ክንድ ከስንዝር ነፍጤን ወልውዬ
እሰለፋለሁ፣ «የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ነኝ» ብዬ።

ጣጣው የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። ክቬታ መጠጥ ቤት
ዝዲስላቭ ተነሣ፣ ፊቱ ቀልቶ በወይን ሙቀት፤
አሥራ አንድ ወር ሙሉ የአውቶቡስ መካኒክ፣
በታኅሣሥ ግን ሻምበል፣ ጦር የሚያንበረክክ።
«ይህ ነፍጥ» አለ «በመቶ እርምጃ ሰው አይስትም!»
ኦልድርዢሽካ፣ የሂሳብ መምህሯ፣ ቀና እንኳ አላለችም፤
«አንሶላም አይመታ» አለች፣ ሹራቧን እየሠራች፤
«በአንድ በርሜል ወይን» ብላ ውርርዱን አስያዘች።

አንሶላ ከየት ይምጣ? ክቬታ ፎቅ ወጥታ
የሁለት ሰው አንሶላዋን አምጥታ፣ ክንዷ ላይ አጥፋ፣
«ውሰዱት» አለች፣ «ለእኔማ በጣም ሰፋ።»
ባሏ ከሞተ ሦስተኛው በረዶ ነበር፤
ቃል የተነፈሰ የለም፣ ከምድጃው እሳት በቀር።

ዓርብ ንጋት፣ ከአፈር ቁልል ፊት፣ በሁለት ካስማ ወጠርነው።
ሻምበሉ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ባሩዱን አፈሰሰ
(የፊት ጥርሱ እኔ የሠራሁት ነው)፣
እርሳሱን እስከ ጉሮሮው በዘንግ ገፍቶ አጎረሰ፤
ቃታ ሳበ። ባልጩቱ ተፋጨ። ሜዳው ነጭ ጭስ ለበሰ።

አርባ ጊዜ ተኮሰ፣ ትከሻው እስኪላላ።
ስድስቱ ከሸፉ፤ እርጥበት ባሩዱን በላ።
ሦስቱ ሰማይ ሄዱ። አንዱ የካስማውን ራስ ላጠ።
ሌላው... እግዜር ይወቀው የት እንዳመለጠ።
ኦልድርዢሽካ ቀዳዳውን በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ።
«ነፋሱ ነው» አለ ሻምበሉ፣ «ነፋሱ ነው ያሳተኝ።»

እኛ ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።
ከጆሮዋ ጀርባ እርሳስ አወጣች፤ የሚጽፈውን እርሳስ።
«ለአንድ ነፍጥ ዘጠኝ ከአርባ። ሁለት ሺህ ነፍጥ ቢሆንስ?
ፊት ለፊት የቆመውም አንሶላ ሳይሆን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰፍቶ
ሜዳውን ከዳር ዳር የሚያለብስ
ሰው ቢሆንስ?»

ነፍጥ ሰው ፈልጎ አያገኝም፤ ዕውር ነው፣ ከጥንትም።
ሰው ነው ከበሮ ጠርቶት፣ ቀጥ ብሎ፣
«እዚህ ነኝ» የሚለው፣ ራሱን እንደ አንሶላ ሰቅሎ።

ክቬታ «መልሱልኝ» አለች። አዲስ እንግዛልሽ ብንል፣ እምቢ።
በማታ አጥባ አሰጣችው፣ ከጓሮ፣ ከእንጨቱ ግቢ።
ሌሊት ውርጭ ወረደ።
ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሞቴ ስሄድ በአጥሩ ላይ አየሁት፤
ደርቆ፣ ገትሮ ቆሟል፣ ተረኛ ነህ እንዳሉት።
ፀሐይ በቀዳዳዎቹ አልፋ
ዘጠኝ ሳንቲም ብርሃን በረዶው ላይ በትናለች።
ክቬታ በመስኮት ታየኛለች።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ከበሮው መጣ። ተኮሱ፤
ባዶ ባሩድ ነው፣ እርሳስ የለውም።
እንደ ልማዴ ወደቅሁ። ማቃሰት ግን አልመጣልኝም።
ሰዉ አጨበጨበ። ከገመዱ ማዶ አንድ ሕፃን፣
ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ አንገቱን አስግጎ፣
«ማነው የገደለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሬሳ አይናገርም፤ ደንባችን ነው።
እጄን ብቻ አነሣሁ፣
ጭሱን አሳየሁት።