አራት በትር

አራት በትር ሰጠኝ፣ ሁለት ለቀኝ እጄ፣ ሁለቱን ለግራ፤
አናታቸው ላይ ክር፣ ሰማያዊ የጥጥ ክር፣ ዙሪያውን ያረፈ።
«ማን ጠመጠመልህ? ይሄ የሰነፍ ሥራ!»
ቲሞን ምንም አላለኝ። ፈገግታ ግን ባፉ አለፈ።

ክርን እኔ አውቃለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዚህ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣
ወንዙ እንኳ ተቀብሮ በቧንቧ በሚሄድበት ሎድዝ ውስጥ፣
ቀይ ጡብ ፋብሪካ፣ ሁለት መቶ መኪና ባንዴ እየጮኸበት፣
ከንፈር እያየን ነበር ወግ የጠረቅነው፤
«ወለድኩ»፣ «ፈታሁት»፣ «ሞተብኝ»፣
ያለ ድምፅ ነበር የተባባልነው።
ፋብሪካው ሲዘጋ (ዛሬ አይስክሬም ይሸጥበታል)
ሌላው ካሳ ይዞ ወጣ። እኔ ፉጨት ይዤ ወጣሁ፤
ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ያፏጫል።

«ፓኒ ቦዠና» አለኝ (ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጄ ይበልጠዋል)
«መምታት ማንም ይመታል።»
እግሬን ፔዳሉ ላይ አኖረና ሦስት ብረት ባንድ ላይ ነካ፤
ድምፁ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ሞላ።
«አሁን መካከለኛዋን በበትሩ አናት ያሳርፏት።
እሷን ብቻ። እህቶቿ ይቆዩ።»
አሳረፍኩ። ሦስቱም ሞቱ።
«ገደሏቸው» አለ። «እንደገና።»

ሦስት ወር ሙሉ ይኸው ነው የተማርኩት፤
አንዷን ዝም ማሰኘት፣ ሌላዋን ሳልነካ።
ስንቱን በዕድሜዬ በጅምላ የዘጋሁት፣
አንድ ጣት ይበቃው ነበረ ለካ!

ቫይብራፎን ቤቴ የለም፤ ዋጋው ከመኪና አያንስም።
ልብስ መተኮሻዬ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ
ሠላሳ ሰባት ብረት ሣልኩ፣ በሁለት ረድፍ፣ መጠናቸው ሳይዛነፍ፤
ፔዳሌ የቤት ጫማ። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ጎረቤት ሲተኛ
እመታለሁ፣ ድብ ድብ፣ ጨርቅ ላይ፣ እኔና እኔ፣
ጠመኔው በእጅጌዬ ተጠርጎ እስኪያልፍ።
አውራ ጣቴ ቆሰለ፣ ደረቀ፣ ቆሰለ፤
ቢላዋው ዳቦ ላይ አራት ምት እየቆጠረ ዋለ።

መጋቢት ላይ ግን ነቃብኝ።
«ለምን ላይ ላይ ሲደርሱ እንዲህ ያጠነክራሉ? ጆሮ ይበሳል እኮ።»
«የቱ ጋ?»
«እዚህ ጋ።»
መታልኝ። በትሩ ሲወርድ አየሁ፣ ሲነሣ አየሁ፤
የሰማሁት ግን ኳ የሚል፣ ወለል ላይ እንደ ወደቀ የካፖርት ቁልፍ።
«አይሰሙትም» አለ። ጥያቄ አልነበረም። መልስም አልሰጠሁ።
አላጽናናኝም፤ ስለዚህ ወደድኩት።
እጄን ይዞ ከብረቱ ሥር፣ የቱቦው አፍ ላይ አኖረና
መታ።
መዳፌ ውስጥ ንብ ገባ።

ሐሙስ ማታ፣ ምድር ቤት፣ ቢራና እርጥብ ካፖርት የሚሸት፤
ክሳቬሪ ባሱን አቅፎ፣ ያንገቱን ሻርፕ እንኳ ሳይፈታ።
ስምንት ሚዠር ብቻ ሰጡኝ።
በሁለተኛው ፔዳሉን ያለ ጊዜው ለቀቅኩ፣ ሁለት ድምፅ ተናከሱ፤
ክሳቬሪ ሳቀብኝ፣ ባሱ ግን ጠበቀኝ።
በስድስተኛው ወጣሁ፣ ወደዚያ ወደማልሰማው ጥግ፣
በቀስታ፣ ንቧን በማስታወስ፣
መታሁ።
ለኔ ምንም።
ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት
ብርጭቆዋን ሳታስቀምጥ ወደ ባሏ ዞረች።
በዚያ ጫጫታ ማንም አልሰማት፤ እኔ ግን ከንፈሯን አነበብኩ፤
«ይቺን ስማ» አለች።

ማክሰኞ ዕለት በትሮቹን በፌስታል ቋጥሬ ቤት ወሰድኳቸው።
ያን የሰነፍ ክር ፈትቼ ጣልኩ።
አንድ ድውር ነበረኝ፣ ግራጫ፣ በመጨረሻው ቀን
ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ያወጣሁት፣
ሃያ ዓመት ከመሳቢያ ያልተነካ።
ጠመጠምኩ፣ ሳልቸኩል፣ ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ፤
ጫፉን ቋጠርኩት፣
በጥርሴ በጠስኩት።